የአደባባይ በዓል ወጪ በማን ላይ ይውደቅ?

በየዓመቱ ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ከየመንበራቸው ወጥተው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ፥ ሕዝቡ የሚያየው ካህናቱን በልብሰ ተክህኖ፥ መዘምራኑን ከነጸናጽላቸውና ከነመቋሚያቸው፥ እናቶችን በእልልታ፥ ወጣቶችን በሆታ ነው። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ሥራ አለ። መንገድ ይዘጋል፤ መኪናዎች በሌላ አቅጣጫ እንዲያልፉ ይደረጋል፤ ፖሊሶች በየመገናኛው ቆመው ያድራሉ፤ የእሳት አደጋ መኪናና አምቡላንስ በተጠንቀቅ ይጠብቃሉ፤ ውኃና መብራት ይዘጋጃል፤ በዓሉም ሲያልፍ ሜዳውን የሚጠርጉ ሰዎች ይሰማራሉ። ይህ ሁሉ ያለ ገንዘብ የሚሆን አይደለም። የፖሊሱ አበል፥ የመኪናው ነዳጅ፥ የጠራጊዋ ደመወዝ ከአንድ ከረጢት መውጣት አለበት።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድ ማኅበር ወይም አንድ ሰበካ በከተማ አደባባይ ላይ ሕዝብ ሰብስቦ በዓል ሲያደርግ፥ ከተማው ለጥበቃው፥ ለጽዳቱና ለመንገዱ መዘጋት ያወጣውን ገንዘብ ከበዓሉ አዘጋጆች ማስከፈል ይገባዋልን? ወይስ ወጪውን ከሕዝብ ግብር ሸፍኖ ማለፍ አለበት? ጥያቄው የጥምቀትና የደመራ ብቻ አይደለም። ለሰፈር ማኅበር ጉባኤ፥ ለስፖርት ሩጫ፥ ለሌሎች እምነቶች ክብረ በዓል፥ ለሰልፍም ጭምር የሚነሣ ነው።

አንዳንዶች «በዓሉን ያዘጋጀው ወገን ይክፈል» ይላሉ። የሚያቀርቡትም ምክንያት በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በዚያች ቀን ሱቁን ዘግቶ የዋለው ነጋዴ፥ መንገዱ ተዘግቶበት በእግሩ የሄደው መንገደኛ፥ በዓሉን የማያከብረው የሌላ እምነት ተከታይ፥ በከፈለው ግብር የሌላውን ድግስ ስለ ምን ይደግሳል? ደግሞም ዋጋው የማይታወቅ ነገር ይባክናል፤ መቶ ጠባቂ በሚበቃበት ቦታ ሁለት መቶ መጠየቅ፥ በአራት ሰዓት የሚፈጸመውን ሥርዓት እስከ ስምንት ሰዓት ማስረዘም የሚመጣው ሒሳቡን ሌላ ሰው ስለሚከፍለው ነው ይላሉ።

ሌሎች ደግሞ «ግብር የከፈለው ያው በዓል አክባሪው ሕዝብ አይደለምን?» ብለው ይመልሳሉ። አደባባዩ የሕዝብ ነው፤ ፖሊሱም የሕዝብ ነው። አንድ ሰው በግብሩ ለቀጠረው ጠባቂ ዳግመኛ ዋጋ ቢጠየቅ ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ መክፈል ይሆንበታል። ከዚህም የከፋው፥ ክፍያው ሲበዛ ድኻው ማኅበር ከአደባባይ ይቀራል፤ ቦታው ገንዘብ ላለው ኩባንያ ብቻ ይሆናል። በዚያን ጊዜ የከተማው አደባባይ የሕዝብ መሆኑ ቀርቶ የባለጸጋ ይሆናል።

ሁለቱም ወገኖች እውነት ይዘዋል። ስለዚህ ክርክሩን ከመፍረዳችን በፊት ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ዋጋና ስለ አምልኮ የሚያስተምሩንን እናስብ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 24 እንደ ተተረከው፥ ንጉሥ ዳዊት መቅሠፍቱ እንዲርቅ መሠዊያ ሊሠራ የኢያቡሳዊውን የኦርናን አውድማ ፈለገ። ኦርናም አውድማውን፥ በሬዎቹንና እንጨቱን በነጻ ሊሰጠው ወደደ። ንጉሡ ግን ምንም ያላወጣበትን መሥዋዕት ለአምላኩ ሊያቀርብ አልፈቀደም፤ አውድማውንና በሬዎቹን በ50 ሰቅል ብር ገዛ። ከዚህ የምንማረው አምልኮ የሌላ ሰው ወጪ ሊሆን እንደማይገባው ነው።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ደግሞ ለቤተ መቅደስ ሁለት ድራክማ የሚሰበስቡ ሰዎች ወደ ጴጥሮስ መጥተው መምህሩ ይከፍል እንደ ሆነ ጠየቁት። ጌታችንም የምድር ነገሥታት ግብር የሚቀበሉት ከልጆቻቸው እንደ ሆነ ወይስ ከሌሎች ጴጥሮስን ጠይቆ፥ ልጆች ነጻ መሆናቸውን አስረዳው። ይሁን እንጂ ሰዎቹን ላለማሰናከል ሲል፥ ከዓሣው አፍ በሚገኘው ብር ስለ ሁለቱ እንዲከፍል አዘዘው። በዚህ ታሪክ ለከፋዩም ለተቀባዩም ትምህርት አለ። ከፋዩ መብት ቢኖረውም ስለ ሰላም ሲል እጁን ይዘረጋል፤ ተቀባዩም የጠየቀው የቤቱን ልጅ እንደ ሆነ ማሰብ ይገባዋል።

መንፈሳዊው ትምህርት ይህ ከሆነ፥ የከተማ ሕግስ ነገሩን እንዴት ያየዋል? ጉዳዩ በፍርድ ቤት ተመርምሮ ብያኔ ከተሰጠባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። በዚያ ብዙ ወገኖቻችን ስለሚኖሩ፥ ደመራቸውንና የጥምቀት በዓላቸውንም በመናፈሻና በሜዳ ላይ ስለሚያከብሩ፥ የዚያ አገር ፍርድ ለእኛ ቤተ ሰብም ሩቅ ነገር አይደለም። ስለዚያ አገር ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1939 ዓ.ም. ኒው ሃምፕሽር በተባለው ግዛት፥ በማንችስተር ከተማ፥ የይሖዋ ምስክሮች የተባሉት ሰዎች በቡድን በቡድን ሆነው፥ ጽሑፍ ተሸክመው፥ ያለ ፈቃድ በእግረኛ መንገድ ላይ ተሰለፉ። ከእነርሱም 68 ሰዎች ተከሰው ተፈረደባቸው። የግዛቱ ሕግ ለሰልፍ ፈቃድ እስከ 300 ዶላር ማስከፈልን ይፈቅድ ነበር። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፥ ዳኞቹ በ1941 ዓ.ም. በአንድ ድምፅ ፈረዱ፤ ክፍያው ከተማው ለፈቃዱ ሥራና ለጸጥታው ጥበቃ የሚያወጣውን ወጪ የሚተካ ከሆነ፥ የገቢ ማግኛም ካልሆነ፥ ነጻነትን የሚነካ አይደለም አሉ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ግን በ1943 ዓ.ም. ይኸው ፍርድ ቤት በፔንስልቬንያ ግዛት የጃኔት ከተማ የሃይማኖት መጽሐፍ ይዘው ቤት ለቤት በሚዞሩ ሰዎች ላይ የጣለችውን፥ በቀን 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም የሆነውን ግብር ሻረው። ያ ገንዘብ የወጪ ምትክ መሆኑ ቀርቶ ሃይማኖትን ለማስተማር የሚከፈል ዋጋ ሆኖ ተገኝቷልና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ግን በጆርጂያ ግዛት በፎርሳይት አውራጃ የሆነው ነው። ከዚያ አውራጃ በ1912 ዓ.ም. ጥቁሮች በሙሉ በግፍ ተባርረው ነበር። በጥር 1987 ዓ.ም. ሆዜያ ዊልያምስ የተባሉት የጥቁሮች መብት ተከራካሪ 90 ያህል ሰዎች ይዘው በዚያ ሲሰለፉ፥ 400 ያህል ተቃዋሚዎች ድንጋይና ጠርሙስ ወረወሩባቸው፤ ሰልፉም ተቋረጠ። በሚቀጥለው ሳምንት 20,000 ያህል ሰዎች ተመልሰው መጡ። ከሚጠሏቸው 1,000 ያህል ሰዎች እነርሱን ለመጠበቅ ከ3,000 በላይ ፖሊስና ወታደር ቆመ፤ የጥበቃውም ወጪ ከ670,000 ዶላር በላይ ሆነ። ወዲያው አውራጃው ለሰልፍ በቀን እስከ 1,000 ዶላር የሚያስከፍል ደንብ አወጣ። መጠኑን የሚወስነውም ሹሙ ነበር፤ የጸጥታው ወጪ ይበዛል ብሎ ከገመተ ክፍያውን ከፍ ያደርጋል።

ደንቡን በፍርድ ቤት የተቃወሙት ግን እነዚያ ሰልፈኞች አልነበሩም፤ የማርቲን ሉተር ኪንግን መታሰቢያ በዓል ሊቃወም የፈለገና 100 ዶላር የተጠየቀ ሌላ ወገን ነበር። ዓላማው የማይወደድ ቢሆንም፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1992 ዓ.ም. አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ፈረደለት። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛው፥ ሹም ያለ ተቈራጭ መለኪያ እንደ ወደደ የሚወስነው ክፍያ፥ የወደደውን ማሳለፊያ የጠላውን ማገጃ ይሆናል። ሁለተኛው፥ የጥበቃው ዋጋ በጠላት ብዛት ከተለካ፥ የሚጠላው ሰው ከሚወደደው ይልቅ ብዙ ይከፍላል፤ ድንጋይ ወርዋሪው ዝም ብሎ ሲቀመጥ፥ ድንጋይ የሚወረወርበት ሰው ሒሳቡን ይቀበላል ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህችን ነጥብ ጠበቅ አድርገህ ያዛት። በዓለም ላይ ባሉ ከተሞች ሁሉ ዛሬ የሚከበረው ነገ ጥቂት፥ ዛሬ ጥቂት የሆነው ነገ ብዙ ሊሆን ይችላል። በአገራችን ብዙ የሆንን እኛ ክርስቲያኖች፥ በባዕድ ከተማ ጥቂት ስደተኞች ነን። ስለዚህ ለራሳችን የምንሻው መለኪያ፥ በስታዲየም ለዒድ ሶላት ለሚሰበሰበው ሙስሊም ጎረቤታችንም፥ ለሌላውም ወገን የምንመሰክርለት መለኪያ መሆን አለበት።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በጎንደር የዐፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ለበዓሉ ከቀሃ ወንዝ በሚሳብ ውኃ ይሞላል። በዙሪያውም ከአገር ውስጥና ከውጭ የሚመጣ እጅግ ብዙ ሕዝብ ይከባል። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም.፥ የጥምቀት በዓል ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የሰው ልጅ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ከገቡ ወዲህ ክብራቸው በዓለም ፊት ጎልቷል። ነገር ግን ጥምቀት በተመዘገበበት በዚያው በ2012 ዓ.ም.፥ በጥር 11 ቀን፥ በዚያው ጥምቀተ ባሕር አጠገብ ከእንጨት የተሠራ የተመልካች መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቈሰሉ። በዓል ሊያከብሩ ነጭ ለብሰው ከቤታቸው የወጡ ወገኖች ነበሩ።

ይህን የምናነሣው ጥፋቱን በማንም ላይ ለመፍረድ አይደለም። የጥበቃ ነገር ከሒሳብ መዝገብ በላይ የነፍስ ጉዳይ መሆኑን ለማስታወስ ነው። ብዙ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ መሐንዲስ መጥቶ መቀመጫውን ይመርምር፥ አምቡላንስ በቅርብ ይቁም፥ ፖሊስ መግቢያውንና መውጫውን ይጠብቅ ማለት፥ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ለእነዚህ ነገሮች ዋጋ ቢቈረጥባቸው፥ ገንዘብ ያነሰው አዘጋጅ የሚቀንሰው እነርሱኑ ይሆናል። አምቡላንሱን ትቶ የድምፅ ማጉያውን ይከራያል። የቀነሰውን ዋጋ ግን የሚከፍለው እርሱ ሳይሆን ከሕዝቡ መካከል የቆመው ሕፃን ነው።

በሌላ በኩል ሕዝባችን ያለ ማንም አስገዳጅ የሚሰጠውን ልንዘነጋ አይገባንም። በአዲስ አበባ ልዩ ልዩ ሰፈሮች ወጣቶች ገንዘባቸውን አዋጥተው ምንጣፍ ይገዛሉ፤ ታቦቱ ሲያልፍ ከፊት ያነጥፋሉ፥ ከኋላ ይጠቀልላሉ፤ እየሮጡም እንደገና ወደ ፊት ያደርሳሉ። መንገዱን ይጠርጋሉ፤ ሕዝቡን እጅ ለእጅ ተያይዘው ሥርዓት ያስይዛሉ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ተዛውሮ፥ ሜዳው ገበያ ሆኖ ነበር። ገበያው ከተነሣ በኋላ ለ2013ቱ ጥምቀት ሜዳው ሲጸዳ ከተሳተፉት መካከል ወጣቶቻችን ይገኙበታል። ይህ ጉልበት በብር ቢተመን ቀላል አይሆንም፤ ነገር ግን በማንም መዝገብ ላይ አልተጻፈም። ስለ በዓል ወጪ የሚነጋገር ከተማ ይህንንም በሚዛኑ ላይ ማኖር አለበት። እንዲሁም በበዓሉ ሰሞን ሆቴሉ፥ ታክሲው፥ ጧፍና ነጠላ ሻጩ የሚያገኙትን፥ ከእነርሱም ለመንግሥት በግብር የሚገባውን ማሰብ ይገባል።

ዳሩ ግን ከበዓሉ ማግሥት በየሜዳው ተበትኖ የሚታየውን የውኃ ፕላስቲክ፥ የሸንኮራ ልጣጭና ፌስታል ማን ነው የጣለው? የጣለውስ ሰው ከተማው ግዴታው ነው ብሎ ዝም ሊል ይችላልን? ይህን ልናስተባብል አንችልም።

ስለዚህ እኛ የደረስንበት አሳብ እንደሚከተለው ነው። የበዓል ወጪ አንድ ዓይነት አይደለምና፥ በሦስት ተከፍሎ መታየት አለበት።

አንደኛው ነፍስን የሚጠብቀው ወጪ ነው። ፖሊስ፥ የእሳት አደጋ መከላከያ፥ አምቡላንስ፥ የመቀመጫና የመድረክ ምርመራ ከጋራው ግምጃ ቤት ይከፈል። ማኅበሩ ድኻም ይሁን ሀብታም፥ ብዙም ይሁን ጥቂት፥ ይህ አይሸጥለት። ሕዝብ ግብር የሚከፍለው አስቀድሞ ለዚህ ነው።

ሁለተኛው በዓሉ ራሱ ያመጣው ተጨማሪ ሥራ ነው። ድንኳን፥ የድምፅ ማጉያ፥ ጊዜያዊ መጸዳጃ፥ ከበዓሉ በኋላ የሚጸዳው ቆሻሻ በአዘጋጁ ላይ ይሁን። ሆኖም በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በጉልበትም የመክፈል መብት ይኑረው። ሜዳውን እንደ ተረከበው አጽድቶ ያስረከበ ማኅበር ስለ ጽዳት አንድ ሳንቲም አይጠየቅ።

ሦስተኛው ንግድ ነው። በትኬት የሚገባበት የዘፈን ድግስ፥ ማስታወቂያውን በአደባባይ የሚሰቅል የቢራ ፋብሪካ፥ በሕዝብ መካከል ድንኳን ተክሎ የሚሸጥ ትልቅ ድርጅት ከተማው ያወጣውን ሙሉ ወጪ ይክፈል። ትርፉን ለብቻው ወስዶ ወጪውን ለሕዝብ መተው ፍርድ አይደለም።

ክፍያ በሚጠየቅበትም ቦታ ሁሉ አራት ነገሮች ይጠበቁ። መጠኑ አስቀድሞ በጽሑፍ ይታወቅ። ለሁሉም ወገን አንድ ይሁን። በተሰብሳቢው እምነት ወይም በጠላቶቹ ቍጣ አይለካ። መክፈል ለማይችል ትንሽ ማኅበርም የምሕረት በር ይከፈትለት።

«ይህ ለድኻ ሰበካ ከባድ ነው» የሚል ቢኖር፥ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት እናስታውሰዋለን። ለምሳሌ ያህል፥ 200 አባወራ ያለበት አንድ ሰበካ ለበዓሉ ድንኳንና ጽዳት 10,000 ብር ቢያስፈልገው፥ በየቤቱ የሚደርሰው 50 ብር ነው። ይህም የማይቻል ከሆነ፥ ከየቤቱ አንድ ሰው ለሁለት ሰዓት መጥረጊያ ቢይዝ፥ 400 ሰዓት የሚሆን ሥራ ይሠራል። ዕድሮቻችን ለልቅሶ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር በጋራ ገዝተው እንደሚያስቀምጡ ሁሉ፥ የጽዋ ማኅበሮቻችንና ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችንም ለበዓል የሚሆን ጥቂት ገንዘብና ዕቃ በየወሩ ቢያጠራቅሙ አይከብዳቸውም።

በውጭ አገር ላላችሁ ወገኖቻችንም የምንመክራችሁ አለን። የከተማው መሥሪያ ቤት ለበዓላችሁ ገንዘብ ሲጠይቃችሁ፥ ወዲያው በደል ደረሰብን አትበሉ፤ ወዲያውም ዝም ብላችሁ አትክፈሉ። ክፍያው ለምን ለምን እንደ ሆነ በዝርዝር እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። ስንት ጠባቂ፥ ስንት ሰዓት፥ በየትኛው ደንብ እንደ ሆነ፥ ሌሎቹም ማኅበሮች ይህንኑ ይከፍሉ እንደ ሆነ በትሕትና መርምሩ። ማመልከቻችሁንም የበዓሉ ዋዜማ ሳይደርስ ከወራት በፊት አቅርቡ። ሕግ ለሚያውቀው ጋሻ፥ ለማያውቀው ግን ግድግዳ ነው።

በየቤታችን ያለን ወላጆችም ይህን ትምህርት ከማዕድ ላይ እንጀምረው። አባት ወይም እናት በበዓል ዋዜማ ልጆቻቸውን ሰብስበው፥ ነገ መንገድ ላይ ቆሞ የሚጠብቃቸው ፖሊስ እርሱም ቤትና ልጆች ያሉት ሰው መሆኑን፥ በማግሥቱም ጎህ ሳይቀድ የምትጠርገው ሴት የእነርሱን ቆሻሻ ለማንሣት የተፈጠረች አለመሆኗን ይንገሯቸው። ልጆቹ የጠጡበትን ፕላስቲክ የሚመልሱባት አንዲት ከረጢት በእጃቸው ይያዙ። በመንገዳቸውም ያንን ጠባቂና ያችን ጠራጊ «እንኳን አደረሳችሁ፥ እግዚአብሔር ይስጥልን» ይበሏቸው። ከተማው ለበዓላችን ሒሳብ በሚያቀርብበት ቀን፥ በንጹሕ ኅሊና ቀርበን «የድርሻችንን አድርገናል፤ የቀረው የጋራችን ነው» ለማለት የምንችለው እንዲህ ስናደርግ ነው።